የቤኒ አዲስ ኮት

ይድረስ ለወንድሜ ለባልጋን፣ በደሴቱ ወህኒ ቤት።

ለመሆኑ ደህና ነህ? እኛ ደህና ነን፤ ካንጋሮውም ዘንድሮ ሰብቷል። አጎታችን ክረምቱን በሳል አረፈ፤ የሞተ ሰው ስም አይጠራምና ስሙን አልጻፍኩልህም።

ችሎት ላይ ያስተረጎመልህ የአክስታችን ልጅ ቤኒ አዲስ የፖሊስ ኮት ለብሶ መጣ። «ባልጋንን ለዳኛው ሁሉንም አዎ እንዲል የመከርኩት እኮ ቶሎ እንዲለቁት ብዬ ነው» አለኝ። እኛ ደግሞ ትልቅ ሰውን «አይደለም» ማለት ነውራችን ነው። ጋዜጣው ግን «በግ መስረቁን አመነ» ብሎ አወጣው። «ኮቱ ይሞቃል?» አልኩት፤ ከእሳቴ ዳር ተነስቶ ሄደ።

እናታችን ሰሞኑን «ያ ልጄ» ትልሃለች። ባልጋን በይው ብዬ ተቆጣኋት።

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። እባክህ ቶሎ ጻፍልኝ፤ እዚህ ስምህን የምጠራው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

እህትህ ኤልሲ