ፍሪሲዮኑን ያቃጠለው የኔ እግር አይደለም

ዳኜ፣

ከሞትክ ሰባት ወርህ ነው። ከተኳረፍን ግን ሰባት ወር ከሁለት ቀን፤ እኔ የምቆጥረው ይሄኛውን ነው።

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ተናድጃለሁ። ያን ቅዳሜ የመኪናዋን ካምቢዮ አውርደህ ካርቶን ላይ አስተኛኸው። እጅህን በጨርቅ እየጠረግህ፣ ፍሪሲዮኑን ገና ሳትከፍተው፣ «ያቃጠለው ያንቺ እግር ነው፤ የጨንቻን ዳገት ፔዳሉ ላይ ቆመሽ ነው የምትወጪው» አልከኝ። እኔም የማይባል ነገር አልኩህ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ባጃጅ ሄድን፤ አንተ ከሾፌሩ ጎን፣ እኔ ከኋላ። ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤት ወንበርህ ላይ ልብህ ቆመ። ሰው እንዴት በኩርፊያ መሃል ይሞታል? ያውም የጋሞ ልጅ! ስንቱ በድንበር የተጣላ መንደር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ሲወጣ ታርቋል፤ አንተ ከአንዲት ሚስትህ ሳትታረቅ ሄድክ።

ለቅሶህን ብታየው ትስቅ ነበር። መኪናዋ ድንጋይ ላይ ስለተሰቀለች የሚያነሣት ጠፋና ዕድርተኛው ድንኳኑን በላይዋ ላይ ተከለው። ሦስት ቀን ሙሉ ዙሪያዋን ተቀምጠን ተዘመረ፤ አክስትህ ኮፈኑን ተደግፋ አለቀሰች። ፓስተሩ «ወንድማችን ስህተቱን ለማመን የማያፍር ትሑት ሰው ነበር» ሲሉ እጄን ላወጣ ምንም አልቀረኝም።

ወንድምህ ማቴዎስ «እንዳለች እንሽጣት» አለ። እምቢ አልኩ። የተውክልኝ የመጨረሻ ቃል ክስ ነው፤ እውነት ይሁን ሐሰት ሳላውቅ ማስረጃውን አልሸጥም።

«በመጽሐፍ መኪና አይጠገንም» ትል ነበር። እኔ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ ሌላ መንገድ አላውቅም። የመኪናዋን መመሪያ ፈልጌ አገኘሁት፤ የዘይት ጣሳ ማስቀመጫ አድርገኸው ኖሯል። ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር፣ ከመኪናዋ በታች በጀርባዬ ተኛሁ። ማቴዎስ መመሪያውን እንደ ምንባብ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበልኝ ስድስቱን ብሎን ፈታሁ፤ የፍሪሲዮኑ ሸራ ወጣ።

አልተቃጠለም ዳኜ። በዘይት ርሷል። ከሞተሩ የሚንጠባጠብ ዘይት ነው ሲያንሸራትተው የኖረው። ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት ተጣሞ ገብቷል። የሲቀላ ሰፈሩን መካኒክ ጋሽ ደምሴን ጠርቼ አሳየሁት። አጎንብሶ አየና «ይሄን በመዶሻ የገጠመው ደደብ ማነው?» አለ።

«ባለቤቴ ነው» አልኩት። አምና፣ ጋራዥ አልሄድም ብለህ፣ እዚሁ ግቢ ራስህ የቀየርከው ነው።

ኮፍያውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» አለ። ኮፍያውን መልሶ ደፋና «ቢሆንም...» አለ።

በስምንት ዓመት ትዳር ካንተ ጋር ተከራክሬ የረታሁት ይሄን አንዱን ነው፤ ተረታሁ የሚለው ሰውዬ ግን የለም። ምን ዓይነት ተንኮል ነው ይሄ? ላሳይህ ብዬ ሸራውን ይዤ እስከ መኝታ ቤት ገብቻለሁ። አንሶላው ላይ ዘይት ጠብ ሲል ነው የነቃሁት።

ቀለበቱንም ሸራውንም በአዲስ ቀየርን። ካምቢዮውን ወደ ቦታው ለመመለስ ሦስት ሰውና ብዙ እርግማን ፈጀ፤ አብዛኛው እርግማን ያንተ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ብቻዬን ነድቼ ጨንቻ ወጣሁ። መኪናዋ ዳገቱን ሳታንገራግር ወጣችው። እናትህ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ሰላም እንኳ በቅጡ ሳልላቸው «ልጅዎ ተሳስቶ ነበር» አልኳቸው፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሰሙኝ። «እኔም ከሱ አፍ ‹አጠፋሁ› የምትለዋን አርባ ዓመት ጠብቄያለሁ» አሉ። «ከኋላዬ ተሰለፊ።»

ሳቅን። ማናችን ቀድመን መሳቅ እንዳቆምን አላውቅም።

አልረሳህም፤ ይሄን ቃል እገባልሃለሁ። ደግ ነበር፣ ጨዋ ነበር እያሉ የሚያነሡህ ሞልተዋል፤ የሚሉትን ሰው እኔ አላውቀውም። እኔ የማስታውሰው ያገባሁትን ግትር ነው። ለተናገርኩህ ክፉ ነገር እኔም ይቅርታ አለብኝ፤ ያንተ ግን ይቀድማል። ይቅር ልበልህ አልበልህ ገና አልወሰንኩም። እስክወስን ድረስ በየቀኑ ሳስብህ እኖራለሁ፤ ለመወሰን ደግሞ አልቸኩልም።