ስብከት መሃል የጮኸው ኢንቨርተር

ሾፌራችን አሮን የመኪናውን ቁልፍ ትናንት አስረከበ።

ውድ አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ሻል አለልዎ? እማዬንስ ሳሉ ተዋት? እኔ አርባ ምንጭ በሥጋ ደህና ነኝ። በስልክ ጀምሬ መጨረስ ስላቃተኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ካምባ ለጉባኤዎ ይዘነው የመጣነው፣ አልጋና ማቀዝቀዣ ያለው የአስጎብኚ ድርጅታችን መኪና ባለፈው ሳምንት ጫሞ ሐይቅ ዳር እንግዶች እንደያዘ መብራቱም ማቀዝቀዣውም ድርግም አለ። የድርጅቱ ባለቤት ወይዘሮ በለጥሽ እንድመረምረው አዘዙኝ። የባትሪዎቹን ጫፍ ጠረግሁ፣ ፊውዝ ቀየርሁ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ለካሁ። የባትሪውን ኃይል እንደ ቤት መብራት የሚያደርገውን ኢንቨርተር ከሌላ ባትሪ ጋር ሳገናኘው ሠራ። የሞቱት ባትሪዎቹ ናቸው። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ሰው ስለሚያየኝ ነው እንጂ ምክንያቱን ሳልከፍተውም አውቅ ነበር።

በጉባኤው ቀን ካምባ መብራት ሲጠፋ የድምፅ ማጉያውን ከመኪናው ቀጠልሁ። ስብከትዎ መሃል ኢንቨርተሩ ባትሪው እያለቀ መሆኑን ለማስታወቅ መጮህ ጀመረ። እርስዎም፣ «ሰይጣን ዛሬ በባትሪ መጥቷል፤ ልጄ፣ ዝም አሰኚልን» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ፣ አሜንም አለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አባቴን እንዴት አይሆንም እላለሁ? ድምፁን ዘጋሁት፤ ባትሪው ሲዳከም ራሱን የሚያጠፋበትንም ልክ ዝቅ አደረግሁት። እስከ መዝጊያው መዝሙር ተሠራበት፤ ከዚያም ባትሪው ባዶውን ሳይሞላ ከረመ፤ የገደለውም ይኸው ነው።

ወይዘሮ በለጥሽ ግን አሮን ሞተር አጥፍቶ ማቀዝቀዣውን ሲያሠራ የኖረ መሰላቸው። እሱም፣ «እትዬ፣ እኔ ጫሞ ዳር የበላሁት ዓሣ ነው፤ ባትሪ አልበላሁም» ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ። አልሳቁም። ወደ እኔ ዞረው ባትሪዎቹን ምን እንደገደላቸው ጠየቁኝ። «እርጅናም ሊሆን ይችላል» አልሁ። አሮን አየኝ። በጉባኤው ከመኪናው በር አጠገብ ቆሞ እንደነበር ያስታውሳሉ። ያደረግሁትን ሁሉ አይቷል፤ ግን አላጋለጠኝም።

እሑድ በስልክ አሮን መጠርጠሩን ስነግርዎ፣ «አሮን ወጣት ነው፤ ሌላ ሥራ አያጣም» አሉኝ። ለእኔ አስበው ነው ብዬ ልቤን ላሳምነው ሞከርሁ። ዛሬ ሚስቱ ዕድላዊት ገበያ አግኝታኝ የጉልበትዎን ነገር ጠየቀችኝ፤ እንደምትጸልይልዎም ነገረችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም።

ጌታ ጉልበትዎን ያጽናልን፤ ቤታችንንም በሰላም ይጠብቅ።

ወይዘሮ በለጥሽ የአሮንን ነገር አርብ ጠዋት ይወስናሉ። እኔ ከዚያ በፊት ቢሮ ገብቼ ያደረግሁትን እነግራቸዋለሁ። አብረውኝ ሊገቡ ከፈለጉ፣ ከካምባ ሐሙስም መኪና አለ።

ልጅዎ