ሃያ ጊዜ ስለሚተነፍሰው ክፍላችን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የነርሶች ኃላፊ፦

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ደረትዎ ሰፊ፣ ትንፋሽዎ ረጅም ይሁንልዎ እያልኩ፣ ተኝቶ የታከመ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሳይጠይቅ በማይቀረው ጥያቄ እጀምራለሁ፦ ነርሷ እጄን ይዛ ሰዓቷን እያየች ዝም ስትል ምን እየቆጠረች ነው? በትምህርት ቤት የተነገረን፣ የታካሚውን የልብ ምት ቆጥረን ከጨረስን በኋላ እጁን ሳንለቅ ሌላ አንድ ደቂቃ ደረቱን እያየን ትንፋሹን እንድንቆጥር ነው፤ ሰው ትንፋሹ እንደሚቆጠርበት ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣልና። በሆስፒታላችን ይህ ድካም ስለቀረልን ከልብ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ከተመረቅኩ ገና አራት ወር ስለሆነኝ፣ በክፍላችን የተኙት ሃያ አራት ሰዎች፣ የሚያስለውም እግሩ የተሰበረውም፣ በደቂቃ እኩል ሃያ ጊዜ እንደሚተነፍሱ አላውቅም ነበር። ባልደረቦቼ አልጋ ጋ ሳይደርሱ፣ ከጠረጴዛቸው ሳይነሱ የትንፋሽ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ሲሞሉት ሳይ፣ የደረት ምርመራን ተራ ማየት፣ መዳሰስ፣ ማንኳኳት፣ ማዳመጥ እያልኩ አራት ዓመት መሸምደዴ በከንቱ መሆኑ ገባኝ። አንገቴ ላይ ያለው የደረት ማዳመጫም ለካ ጌጥ ነው።

ሁለተኛ፣ አልጋ አሥራ አንድ ላይ ያሉትን ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ስላስቸገርኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስፌት መኪናቸው ፊት እንደተቀመጡ ሁሉ ወደ ፊት አጎንብሰው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ነው የሚውሉት። ሲተነፍሱ በጎድን አጥንታቸው መካከል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ሁለት ሦስት ቃል ተናግረው ያርፋሉ። ጠያቂ የላቸውም። እጃቸውን ይዤ ስቆጥር፣ «ልጄ፣ አትቸኩዪ... እጄን የያዘኝ ሰው... ከገባሁ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «አባባ፣ ዝም ይበሉ፣ ቁጥሩ ይሳሳትብኛል» አልኳቸው። እንደገና ጀምሬ ቆጠርኩ፤ ሠላሳ አራት።

ሦስተኛ፣ ሠላሳ አራት ብዬ መጻፌ የሃያዎቹን ቀጥ ያለ ሰልፍ እንዳበላሸ አምናለሁ። የክፍላችን ሲስተር፣ «አንቺ ልጅ፣ ለአንድ ሰው ይህን ያህል ከቆምሽ ሃያ አራቱን መቼ ልትጨርሺ ነው?» ብለው በነጭ ማጥፊያ ቀብተው ሃያ አደረጉት። ሮጬ ለሐኪሙ ብነግረው ሰንጠረዡን ገለጥ አድርጎ፣ «ሃያ ነው እኮ፣ ደህና ናቸው» ብሎኝ አለፈ። በማግስቱ በቀርፋፋነቴ ወደ ካርድ ክፍል ተዛወርኩ።

ለዝውውሩም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው፤ ከመደርደሪያዎቹ መካከል የሚተነፍስ እኔ ብቻ ነኝ። ሥራ ሲጠፋ የራሴን እቆጥራለሁ፤ አሥራ ስድስት ነው። እንዴት ዋልሽ የሚለኝ ባይኖርም፣ ባልደረቦቼ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ «ቆጣሪዋ መጣች» ይሉና ስቀው ያልፋሉ። ትናንት በምሳ ሰዓት በቀድሞው ክፍሌ በር መስታወት አጮልቄ ሳይ፣ ልብስ ሰፊው እንዳጎነበሱ ናቸው። እጃቸውን የያዘላቸው ሰው አላየሁም።

በጸሐፊዎ በኩል የላክኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች መንገድ ላይ ስለደከማቸው፣ ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌ በትሕትና የምለምነው፣ እርስዎ ራስዎ ወደ አልጋ አሥራ አንድ ጎራ ብለው፣ እጃቸውን ይዘው አንድ ደቂቃ ሙሉ እንዲቆጥሩ ነው። መልስዎ ረጅም መሆን የለበትም፤ አንድ ቁጥር ይበቃኛል።

የጊዜዎን ውድነት ጠንቅቃ የምታውቅ፣ ከእርሱም አንዲት ደቂቃ ብቻ የምትለምን፣ በካርድ ክፍል ከሦስተኛው መደርደሪያ ጀርባ የምትገኝ ታዛዥዎ ነርስ

ማሳሰቢያ፦ አልጋ አምስት ላይ የነበረው ጎረምሳ ባለፈው ሰኞ ጠዋት ድኖ ወደ ቤቱ ሄደ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላም ባዶው አልጋ በደቂቃ ሃያ ጊዜ መተንፈሱ ተመዝግቧል፤ ካርዱ እጄ ላይ ነው። ልብስ ሰፊው አባታችንም አልጋው ላይ ሳይኖሩ በሰንጠረዡ ላይ እንዲሁ ደህና ሆነው እንዳይቀጥሉ ስለምሰጋ፣ መልስዎን ዛሬውኑ ይላኩልኝ።