ስለ ተጣመመው የብር ዘውድና ስለ እኔ አንደበት

ለተከበሩ አቶ ዘሊግ ሃልፐርን፣
የምኩራባችን አስተዳደር ሊቀመንበር፣
ኢየሩሳሌም

ክቡር ሆይ፣

ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እየተመኘሁ፣ በተለይ ለእጅዎ ጽናት እጸልያለሁ። ሐሙስ ዕለት የኦሪቱ ጥቅልል የሚደፋውን የብር ዘውድ ወደ ቁም ሣጥኑ ሲመልሱ ከእጅዎ አምልጦ ወለሉ ላይ ወድቆ ሲጣመም፣ የትምህርት ወረቀቴን ፍለጋ ገብቼ ከኋላዎ ቆሜ ነበርና።

አንደኛ፣ ጥፋቱን «ሲወለውሉ ጣሉት» ብለው በጽዳት ሠራተኛችን በወይዘሮ ጊትል ላይ በማላከክዎ አመሰግናለሁ። ባላቸው የሞቱባቸውን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገሉንን ሴት ከሥራቸውም ከግቢው ክፍላቸውም ከፋሲካ በፊት እንዲለቁ ማዘዝዎ ለሁላችን እፎይታ ሆኗል፤ ከሁሉም በላይ ለእኔ፣ ማንም ምንም ስላልጠየቀኝ።

ሁለተኛ፣ የተበደለ ሰው ቅዳሜ ጠዋት የኦሪቱን ንባብ አስቁሞ አቤት የሚልበትን የአያቶቻችንን ልማድ በትዕግሥት ስላስተናገዱ አመሰግናለሁ። ወይዘሮ ጊትል ከሴቶች ሰገነት ወርደው ኦሪቱ በሚነበብበት ጠረጴዛ ላይ እጃቸውን ጫኑና፣ «ዘውዱን እኔ አልጣልኩትም። ያየ ሰው እስኪናገር አይነበብም» አሉ። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፋ። እርስዎ የጸሎት ሻርፕዎን አስተካከሉ። አንባቢው እኔ ነበርኩና አንድ ነገር ማለት እንዳለብኝ ተሰማኝ፤ «እህቴ፣ ጉባኤው እየጠበቀ ነው፣ ይቀመጡ» አልኩ። እጃቸውን ከጠረጴዛው አነሱ። ከዚያ በኋላ ሳነብ ድምፄ አምሮ እንደነበር ብዙዎች ነግረውኛል።

ሦስተኛው ግን ስሞታ ነው፤ እሱም በራሴ ላይ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት የማስተምረው፣ የባልንጀራው ደም ሲፈስ ማንም ቆሞ እንዳያይ ስለታዘዘው ነበር። መቃወም እየቻለ ያልተቃወመ በበደሉ እንደሚጠየቅ፣ በጥንት ዘመን ግብዣ ላይ ሰው ሲዋረድ ዝም ብለው የበሉ ሊቃውንት ለከተማችን መፍረስ ሰበብ እንደሆኑ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አብራራሁ። እርስዎም ከፊት ወንበር ራስዎን እየነቀነቁ አዳመጡኝ። ሲያልቅ እጄን ጨብጠው ለመጪው ዓመትም መምህር ሆኜ እንደምቀጥል አበሰሩኝ። ደስ አለኝ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኸው ደስታ ነው።

ስለዚህ ዘግይቼም ቢሆን እመሰክራለሁ፤ ዘውዱን የጣሉት እርስዎ ነዎት። ወይዘሮ ጊትል ወደ ሥራቸውና ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በአክብሮት ብዛት ወገቡ የጎበጠ፣
ስለ ዝምታ ሲናገር የማይደክመው አገልጋይዎ፣
ናፍታሊ ቬክስለር
የቅዳሜ ከሰዓት መምህር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያነበው በምኩራቡ በር ላይ ከመለጠፌ በፊት ለወይዘሮ ጊትል አነበብኩላቸው። ሳህኖቻቸውን በጋዜጣ እየጠቀለሉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ጥሩ አድርገው ጽፈዋል፣ መምህር» አሉኝ። «ቅዳሜ ግን ‹አይቻለሁ› ቢሉ ይበቃኝ ነበር።»