የነጂው ወገን ክብደት

ይድረስ ለአኩራፊዋ እትዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃው አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ያ የታዘዘልሽ ቅባት ሠራ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ባልሽስ ማንኮራፋቱን ቀነሰልሽ? እኔን ከጠየቅሽኝ ከድካም በቀር ምንም አልሆንኩም፣ ተመስገን ነው። ድካሙም ቢሆን ቤተኛ ሆኗል፤ ጠዋት አብሮኝ ይነሣል፣ ጋራዥ አብሮኝ ይውላል፣ ማታ ጫማዬን ሳወልቅ እሱ አብሮ አይወልቅም። ይሄን የምጽፍልሽ በምሳ ሰዓት፣ ከአሮጌ ጎማ ቁልል ጀርባ ተቀምጬ ነው። ወረቀቱ ላይ የጥቁር ዘይት አሻራ ካየሽ እንዳትቆጪኝ። እጄን በሳሙናም በቤንዚንም ታጥቤዋለሁ፤ የመካኒክ እጅ አንዴ ከሆነ ሆነ ነው።

ምነው አትደውዪም እንዴ ትዪ ይሆናል። ልደውል ስል ወይ ጋሼ አጠገቤ ይሆናል፣ ወይ ድምፄ ይከዳኛል። ደግሞም ጋሼ አንድ ነገር ላንቺ እንዳልናገር በእናታችን መቃብር አስምሎኛል። መሐላዬን አላፈርስም፣ እፈራለሁ። ስለዚያች መወዳደሪያ መኪናው እንዳልጽፍልሽ ግን አልከለከለኝም። ስለዚህ የምጽፍልሽ ስለ መኪናዋ ብቻ ነው። ታውቂኛለሽ፣ ስለ ሞላና ስለ ጎማ ለማውራት ብዬ ወረቀት የምፈጅ ሰው አይደለሁም። ረጋ ብለሽ አንብቢው።

መኪናዋ ስትነሣ ፊትሽ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። «ይቺ ቆርቆሮ ትገድልሃለች፤ ሬሳህን ልቀበል ከምመጣ ካሁኑ ልቅርብህ» ብለሽ ጋሼ ላይ በሩን ጓ አድርገሽ ከወጣሽ ወዲህ አንቺም አልመጣሽ፣ እሱም አልለመነሽ። የአንድ እናት ልጆች ለመሆናችሁ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። እኔ በመሃላችሁ ሰላምታ ሳመላልስ አረጀሁ። ሰላም በይልኝ ሳትሉኝ ሰላም ብሎሻል፣ ሰላም ብላሃለች እያልኩ ስንቱን ውሸት ዋሸሁ መሰለሽ።

አንቺ ያየሻት ጊዜ ገና ከመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መውጣቷ ነበር፤ አሠልጣኙ የሚረግጠው ሁለተኛ ፍሬን እንኳ አልተነቀለላትም። እስካሁን ውድድሩ ላይ ያሉት ሁሉ ተለማማጇ ነው የሚሏት። ውድድሩ ደግሞ አንቺ እንደምትፈሪው አይደለም፣ መቼም አስረድቼሽ አላውቅ፣ ሰምተሽኝ አታውቂ። እሁድ እሁድ አንድ ትልቅ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ የፕላስቲክ ኮን ይደረደራል። መኪናው አንድ በአንድ እየገባ በኮኖቹ መሃል እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ሰዓት ይያዝበታል፣ ኮን ከገጨ ሰከንድ ይጨመርበታል። በቃ ይኸው ነው። የሚሞት ካለ ኮኑ ነው። ተወዳዳሪዎቹም የባንክ ሠራተኛ፣ የጥርስ ሐኪም፣ ጡረተኛ መምህር፣ እንደ ጋሼ ያለ ልብስ ሰፊ፣ ሁሉም በአሮጌ መኪና። የሚያሸንፍ ይጨበጨብለታል፣ የሚሸነፍ ይሳቅበታል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ።

መጀመሪያ ላይ ተለማማጇ ኩርባ ላይ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ትተኛ ነበር። ጎማዎቿ ላይ ሸክሟን የሚሸከሙት ሞላዎቿ ልፍስፍስ፣ ሾክ አብዞርበሮቿ ዘይታቸውን ያፈሰሱ፣ በብረቶቿ መሃል ያሉት ጎሚኒዎቿ እንደ ደረቅ ዳቦ የተፈረፈሩ። ጋሼ ቀን ልብስ ሲሰፋ ይውልና ሱቁን እንደዘጋ ወደ እኔ ይመጣል፤ አንድ ዓመት ሙሉ እግሯን ፈትተን ገጠምን። አጠር ያለ ጠንካራ ሞላ አስገባንላት፤ ከሥሩ ጥርስ ያለው ቀለበት አለው፣ ቀለበቱን ስታዞሪው በዚያ ጎማ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። ግራ ጎማዋን ከቀኙ የሚያያይዘውን ብረትም በወፍራም ቀየርነው። ከዚያ በኋላ አትጠይቂኝ። ጋሼ በኮኖቹ መሃል ሲያስገባትና ሲያስወጣት ጠርዝ የሚቀመቅም ነው የሚመስለው። ብታዪው ትኮሪ ነበር፤ አፍሽ እየተሳደበ ትኮሪ ነበር።

አሁን ልብ በይ። እንዲህ ዓይነት መኪና ባዶውን አይስተካከልም። አራቱ ጎማ ሥር አራት ሚዛን ይደረግና፣ የሚነዳት ሰው ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው ቀለበቶቹ የሚዞሩት። ልብስ ለለባሹ ነው የሚለካው፣ ይላል ጋሼ። ለእሱ ለክተን ጨረስን፣ እጃችንን ጠረግን፣ እፎይ አልን።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ጋሼ ማጉረምረም ጀመረ። ወደ አንድ ወገን በደንብ ትዞራለች፣ ወደ ሌላው ግን ትንሸራተታለች ይለኛል። ስመዝናት የነጂው ወገን ቀሏል። ቀለበቱን አዞርኩና አስተካከልኩ። ትንሽ ቆይቶ አሁንም ያው፣ የነጂው ወገን ቀሏል። አሁንም አዞርኩ። በሦስተኛው ሞላውን ረገምኩት፣ የሸጠልንን ሰውዬ ረገምኩት፣ ሞላውን አውልቄ በጨርቅ ጠቅልዬ ሱቁ ድረስ ሄድኩና ይሄን ሽንኩርት ውሰድና ገንዘቤን መልስልኝ ብዬ ሰው ፊት ጮህኩበት። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ሲሰደብ የኖረ ነው፣ አልደነቀውም። ሞላውን አገላበጠና የአራቱን ሚዛን ድምር አይተሽዋል ወይ አለኝ። አላየሁትም ነበር። እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ዓይንሽ ከልዩነቱ ላይ አይነሣም፤ ይሄኛው ከዚያኛው ስንት በለጠ እያልሽ ስታሳድጂ ድምሩን ማን ያየዋል? እዚያው ቆሜ በጭንቅላቴ ደመርኩት። አነሰ። መልሼ ደመርኩት፣ አሁንም አነሰ።

«ሞላ ሸክም ያከፋፍላል እንጂ ሸክም አይቀንስም» አለኝ። «ከላይ የጎደለ ነገር አለ።»

እትዬ፣ ከመኪናዋ ላይ የጎደለ ቡሎን እንኳ የለም። ይሄን ተረጂልኝ።

በየቀኑ አብሬው እየዋልኩ እንዴት አላየሁም እያልኩ ራሴን ሳነድ ሰነበትኩ። ግን አስቢው፣ የሰውየው ሙያ ልብስ መስፋት ነው። ሱሪው ሰፍቶት አያውቅም፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ዘንፎ አያውቅም፤ ለካ ሰው ሲተኛ እየተነሣ የራሱን ልብስ እያጠበበ ይሰፋው ኖሯል። ጎረቤቱ ሁሉ አማረብህ ይለዋል። እኔም ብዬዋለሁ፣ አፌ ይቆረጥ።

ከዚያ ጋሼን ቁጭ በልና እንደገና ልመዝንህ አልኩት። ነገ አለኝ። ነገም ነገ አለኝ። በመጨረሻ ሲመጣ፣ አስፋልት በሚያቀልጥ ፀሐይ፣ ያንን ወፍራም ካፖርቱን ለብሶ መጣ። ብርድ ብርድ ይለኛል አለ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ኪሱ ተንኳኳ። ሚዛኖቹን አየሁ፣ ደመርኩ፤ ሞልቷል። እንዲያውም ከድሮው ትንሽ አልፏል፤ መቼም ጋሼ ሲሰጥ መርቆ ነው።  ሊወርድ ሲል ግን አቃተው። በሩን ያዘ፣ መሪውን ያዘ፣ ካፖርቱ ከበደው። እጁን ይዤ ስስበው ከኪሱ አንድ መፍቻ ወደቀ፣ ተከትሎ ሌላው፣ ከዚያ መዶሻዬ። ከገዛ ሳጥኔ ነው የሰረቀኝ። ሳቄ አመለጠኝ፣ እሱም ሳቀ፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን ጎናችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ሳቁ እምቢ አለን።

ያስማለኝ ያኔ ነው። «ለእትዬ እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ተኳርፈን እንቆይ። ስታዝንልኝ ከማይ ስትቆጣኝ ይሻለኛል።»

ይሄን መጻፌ መሐላ ማፍረስ ከሆነ ኃጢአቱ በኔ ይሁን። እኔ ስለ ካፖርት ነው የጻፍኩት።

መኪናዋን ባለሙያ አይቷታል ወይ ብትዪኝ፣ አዎ፣ አንድ ሳይሆን ሁለት አይተዋታል። ቶሎ ብትመጣ ጥሩ ነበር ነው ያሉት፤ አሁን መፍታቱ አይጠቅማትም፣ እንዳትንገጫገጭ አድርጋችሁ ያዟት ነው ያሉት። ስለ መኪናዋ ነው የምልሽ። በጣም ተናድጃለሁ እትዬ። በእሱም፣ በአንቺም፣ ምሳዋን ላስጨርሳት በማለት ፈንታ አሁን ስሜን እየጠራ ባለው አለቃዬም። መናደዱም ያደክማል።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ያለ ካፖርት መጣ። ሚዛኖቹን እኔ ሳልነካቸው ራሱ እየገፋ ከጎማዎቹ ሥር አስገባ፤ ላግዝህ ብለው ተቆጣኝ። ሲጨርስ የነጂውን በር ከፈተና «ግቢ ተቀመጪ» አለኝ። «ላንቺ ይስተካከል።» እኔ የሰው መኪና ውስጥ ስገባ የሚያቅለሸልሸኝ፣ መቼ ነው ልነዳ ያልኩህ አልኩት። እኔ ከጎንሽ ሆኜ እጮህብሻለሁ አለኝ። እምቢ አልኩ። እሱ ግን የቀለበቱን መፍቻ ይዞ ተንበርክኮ ነበር፤ እንዲያ ተንበርክኮ እየጠበቀኝ ምን ላድርግ? ገባሁና ተቀመጥኩ።

ቀለበቱ ለጤነኛ ሰውም አስቸጋሪ ነው። ጋሼ ይዞ ሳበ። አረፈና ሳበ። ግንባሩን ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ ላይ አስደግፎ ሲተነፍስ በክፍቱ በር ይሰማኛል። በሽቦ የሚያያዘው የሚዛኑ ሰሌዳ ከነመርፌው ከፊቴ ነው፣ እሱ ከተንበረከከበት አይታየውም። ልውረድና እኔ ላዙረው ብዬ ነበር፤ ከወረድሽ ሚዛኑ ይበላሻል አለኝ፣ እሱም እውነቱን ነው። ደጋግሞ ሞከረ። ከዚያ ቀና ሳይል «ተስተካከለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

መርፌው ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ተስተካክሏል አልኩት። እሰይ አለኝ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ እዚያው መሬት ላይ ትንሽ ተቀመጠ።

ስለዚህ መኪናዋ እስካሁን እንደተዛባች ናት፣ እሱ ደግሞ የተስተካከለች መስሎታል። የዓመቱ መጨረሻ ውድድር የፊታችን እሁድ አይደለም፣ ቀጥሎ ያለው ነው። እስከዚያ አትቆዪ። የነገ አውቶቡስ ከተገኘ በነገው ነይ። ስትገቢ ስለዚህ ደብዳቤ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ በሩን ከፍተሽ ገና ከመግባትሽ ስለዚች ቆርቆሮ ጩኺበት፣ ያምርብሻል፣ እሱም ደስ ይለዋል። እስኪወጣልሽ ስደቢው። ስታቅፊው ግን ቀስ በይ።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ መንገዱን ያቅናልሽ፣ ሦስታችንንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኘን።

መሐላዋን ያላፈረሰችው
ታናሽ እህትሽ