ማሳዬን ሊበላ የመጣ ሎጂክ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለአቶ አስናቀ፤

እንደምን ሰነበቱ? በስብሰባ ብዛት ድምፅዎ እንዳይጎዳ ዘወትር እመኛለሁ።

ለማንም ያልነገርኩትን ለእርስዎ ልንገርዎ። ባለፈው ስብሰባ «አንቺ፣ ሎጂክ ይገባሻል?» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ አንገቴን የደፋሁት ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ልጄ ሕሊና ዩኒቨርሲቲ በገባች ዓመት ሎጂክ የሚባል ትምህርት ነበራት፤ ክረምት ስትመጣ አረም እየነቀልን አስተምራኛለች። አንገቴን የደፋሁት እንዳልስቅ ነው።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ባሌ ስለ ሞተ፣ ማሳውንም ሌላ ሰው የእኩል ስለሚያርሰው፣ ያላረሰም ባለ መሬት ስላልሆነ፣ «ስለዚህ» ማሳው ለአክስትዎ ልጅ ይሰጥ ብለው ደምድመዋል። ባላሳርሰው ጦም አደረ ተብሎ ይወሰድ ነበር፤ እርፍ ብጨብጥ ደግሞ ሴት አታርስም ተብሎ፣ ተስቆብኝም ይወሰድ ነበር። ሦስቱም መንገድ በቀጥታ ከአክስትዎ ልጅ ደጅ ያደርሳል፤ እንዲህ ያለ መንገድ መንግሥትም አልሠራልንም።

፪. ያ የአክስትዎ ልጅ ጌታነህ ንፋስ መውጫ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። ሞፈርን ከቀንበር ባይለይም፣ ያላረሰ ባለ መሬት አይደለም የሚለው ሎጂክ እርሱን እንዳይነካው ስለተጠነቀቁለት ዘመድ ወዳድነትዎን አደንቃለሁ።

፫. ሎጂክን በአማርኛ አመክንዮ ይሉታል፤ ማመካኘት የሥጋ ዘመዱ ነው። አህያዋ አያ ጅቦን ሳታመካኝ ብላኝ ያለችው መበላቱን ወዳ ሳይሆን ንግግሩ ሰልችቷት ይመስለኛል።

የጎረቤቴን የሙሉነሽን ማሳ በዚሁ ሎጂክ ሲወስዱባት ገብቶኝ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን አርብ ገበያ ከተማ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ዝም ካልኩ የእኔን ይተዉልኛል ብዬ ነበር። እርሱም ሎጂክ ነበር፤ የተማርኩትም ከእርስዎ ነው።

ስለዚህ ሐሙስ በሚጸድቀው ቃለ ጉባኤ ላይ «በሎጂክ መሠረት» የሚለው ተሰርዞ «ስለፈለግነው» ተብሎ እንዲጻፍልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ማሳው ቢሄድ እንኳ ቃሉ ይትረፍ።

እስከ ሐሙስ ድረስ ባለ ማሳ፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን እርስዎን ማክበሬን ማንም የማይወስድብኝ፣
ምሥራቅ ካሳ፣ የሟች ዓለምነህ ባለቤት

ግልባጭ፦ ለእናትዎ ለእማሆይ ፈትለወርቅ። እርሳቸውም ባላቸው ሞቷል፤ ማሳቸውንም የእኩል ያሳርሳሉ። ጆሯቸው ስለደከመ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ፊት ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።