«ቤት» ተብሎ የተመዘገበው ቁጥር

ጅግጅጋ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለደረጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? የአፍደም ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በደብዳቤ የመጣሁብህ ለሥራ የሄድክበት አፍደም ኔትወርክ የለም ስላልከኝ ነው።

የቤቱ መስመር ሁለት ሳምንት ሙሉ ተቆርጦብኝ ነበር። ያለ ኢንተርኔት ሱቄ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ አንድ ፎቶኮፒ ማሽንና አንድ ወንበር። ያውም የተማሪዎች የፈተና ምዝገባ በደረሰበት ሰሞን። ልጆቹ ሁሉ መንገድ ተሻግረው እንደ እኔው ኢንተርኔት የሚሸጠው ትግሉ ሱቅ ገቡ። እሱም በሩ ላይ ቆሞ አይዞሽ ይለኛል፣ ጥርሱን እያሳየ።

እኔ ደግሞ ከፍያለሁ። ለገና መጥተህ አፑን ስልኬ ላይ ስትጭንልኝ፣ ከእንግዲህ ወረፋ የለም፣ «ቤት» የሚለውን ነክተሽ መክፈል ነው አላልከኝም? ጥርንም፣ የካቲትንም፣ መጋቢትንም ነክቼ ከፈልኩ። «ክፍያዎ ተሳክቷል፣ እናመሰግናለን» ይለኛል። ከዚያ ዕዳ አለብሽ ተብሎ ተዘጋ። እንደገና ከፈልኩ፤ እንደገና አመሰገነኝ። ለቴሌ ብደውል ሙዚቃ አስደምጦኝ ይዘጋል። ቢሯቸው ብሄድ ዘበኛው ክፍያ በኦንላይን ብቻ ነው ብሎ ከበር መለሰኝ። ተቃጠልኩ። ይህን የሠራብኝን ሰው አግኝቼ በሰው ፊት ሳላዋርደው ብቀር ካሳነሽ አይደለሁም ብዬ ማልኩ። ስምል እንደማልቀልድ አንተ ታውቃለህ።

ተመላልሼ ተመላልሼ በአራተኛው ቀን ሱዕዲ የምትባል የመስኮት ሠራተኛ አዘነችልኝ። መልእክቶቹን አንድ በአንድ አየችና ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችው።

«አባዮ» አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ «ገንዘብሽ አልጠፋም። ስትከፍይ የቆየሽው ለሌላ መስመር ነው። አፍደም ያለ ቤት ነው፤ የተመዘገበው በደረጄ ወልደሥላሴ ስም ነው።»

ለካ ኔትወርክ በሌለበት አገር የቤት ስልክ ከነኢንተርኔቱ አስገብተሃል።

የሱዕዲን ስልክ ለምኜ እዚያው ወደ አፍደሙ ቁጥር ደወልኩ። ሴት አነሳች፤ ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። የእኛ ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም፣ ደረጄ። ከስልክ መሥሪያ ቤት ነው፣ ስለ ሂሳብ ነው አልኳት። ትሑት ልጅ ናት።

«ቤዛ እባላለሁ፣ የደረጄ ባለቤት ነኝ» አለችኝ። «ሂሳቡን የምትከፍለው ግን ጅግጅጋ ያለችው እህቱ ናት። እሷን ብትጠይቁ ይሻላል።»

እሺ ብዬ ዘጋሁ። ሱዕዲ ውሃ አመጣችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ግን እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። በራሴ ስም አዲስ መስመር አስገብቻለሁ። «ቤት» የሚለውን ከአፑ ላይ አጥፍቻለሁ፤ የአፍደሙን ራስህ ክፈል። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከውን ተወው፣ አትልፋ፤ ልብስህን በሁለት ማዳበሪያ አስሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአይሱዙ ልኬልሃለሁ። ሾፌሩን አስምዬዋለሁ፤ ደብዳቤው ለአንተ አይሰጥም፣ በቤዛ እጅ ነው የሚገባው። ድምጿን ከፍ አድርጋ ታንብብልህ። በሰው ፊት ብዬ የለ?

ቤዛ፣ አንቺ ላይ ቂም የለኝም። እንደ እኔ የነገረሽን አምነሽ ነው። ሕፃኑን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። ለአባቱም ዕድሜ ይስጠው፤ ይህችን ቀን ሲያስባት የሚኖርበት ረጅም ዕድሜ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በቁርባን የኖረችው እህቱ፣
ካሳነሽ